የሚያጓራ የቤት ውስጥ ፍሳሽ ቱቦ፦ መንስኤውና መፍትሔው

ወረታ፦ ክረምት ሲበረታ፣ ሌሊት ማንም ሳይነካው የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ቡልቅ ቡልቅ ሲል መስማት በቱቦ ፍሳሽ ለሚጠቀም የፎገራ ሜዳ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። የእቃ ማጠቢያው ሲንክ ውኃውን ሲጨርስ ያጓራል፤ የሻወሩ ወለል ከጎኑ ያለው መጸዳጃ በተለቀቀ ቁጥር ድምፅ ያሰማል። አንዳንዱ ነዋሪ ድምፁን እንደ ቤቱ ጠባይ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ሌላው ከሱቅ ኬሚካል ገዝቶ ይደፋበታል። ሁለቱም መንገዶች ችግሩን አያስወግዱትም።

የሚጮህ ቱቦ መፍሰስ ሳያቆም አስቀድሞ የሚሰጠው ምልክት አለ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚሰማና በየትኛው ወቅት እንደሚብስ ያስተዋለ ሰው፣ ጥገናው በአንድ ባልዲ ውኃ የሚያልቅ ይሁን ጉድጓድ ማስመጠጥ የሚጠይቅ መለየት ይችላል።

ድምፁ የአየር ድምፅ ነው

ሙሉ የ20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ጊዜ የዘቀዘቀ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ውኃው አንድ ወጥ ሆኖ አይወርድም፤ ቡልቅ እያለ፣ እየቆመና እየቀጠለ ይወጣል። ውኃ በወጣ መጠን በምትኩ አየር መግባት አለበትና ሁለቱ በአንድ ጠባብ አፍ ይጋፋሉ። ጀሪካኑን በቀስታ ዘንበል አድርጎ ከላይ በኩል ለአየር ክፍተት የተወ ሰው ግን ውኃውን ያለ ድምፅ ይቀዳል።

የቤት ፍሳሽ ቱቦም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። በቱቦው የሚወርደው ውኃ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፤ ከኋላው ደግሞ አየር ይስባል። የተገፋው መውጫ፣ የተሳበውም መግቢያ ካገኘ ፍሳሹ በጸጥታ ይሄዳል። ካላገኘ ግን አየሩ በአቅራቢያው ባለው ሲንክ፣ ሻወር ወይም መጸዳጃ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ነዋሪው የሚሰማው ድምፅ በውኃ ውስጥ ሰንጥቆ የሚያልፈው ይህ አየር ነው።

ከሲንኩ ሥር ያለው መዝጊያ

በእያንዳንዱ ሲንክ ሥር ያለው ቱቦ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ታጥፎ ወደ ላይ ይወጣና እንደገና ይወርዳል። የቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት ይህ እጥፋት ዘወትር ውኃ ይዞ ይቀራል። ጥልቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ይህ ውኃ በቤቱና በጉድጓዱ መካከል ያለ መዝጊያ ነው። መጥፎ ሽታ፣ በረሮና የጉድጓድ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገቡ የሚከለክል ሌላ በር የለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ፣ የባለቤትነት መብት ባገኘበት የመጸዳጃ ሥሪት ላይ ቱቦውን አጥፎ ውኃ እንዲይዝ አደረገ። ይሁንና ፈጥኖ የሚወርድ ፍሳሽ የእጥፋቱን ውኃ ስቦ ሊያደርቀው እንደሚችል ከጊዜ በኋላ በመታወቁ፣ ከጣራ በላይ የሚወጣ የአየር ቱቦ የፍሳሽ ሥርዓት አካል ሆነ። ሲፎን ያለ አየር ቱቦ ግማሽ ሥራ ነው፤ በቤቶች ውስጥ የሚሰማው ጩኸት አንዱ ምንጭም ይኸው ጉድለት ነው።

ድምፁን ለይቶ መስማት

መንስኤውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማስተዋል ይበቃል።

አንድ ሲንክ ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ ችግሩ እዚያው ሲንክ ሥር ነው። ሲፎኑ በቅባትና በምግብ ትርፍራፊ ጠብቧል፤ ወይም ከሲንኩ ወደ ዋናው መስመር የሚወስደው ቱቦ ቀጥኗል።

መጸዳጃው ሲለቀቅ ሻወሩ ወይም ሲንኩ የሚጮህ ከሆነ፣ ሁለቱ የሚጋሩት መስመር አየር አጥቷል። የአየር ቱቦው አልተሠራም፣ ተደፍኗል፣ ወይም ከጋራው መስመር ላይ መደፈን ጀምሯል።

በቤቱ ያሉት ሁሉ የሚጮሁና ውኃው የሚዘገይ ከሆነ፣ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው። ወደ ሴፕቲክ ታንኩ የሚሄደው ዋና ቱቦ ተዘግቷል፤ ወይም ታንኩ ሞልቷል።

በበጋ ጸጥ ብሎ በክረምት ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ ጉድጓዱን ይዞታል፤ ወይም የዝናብ ውኃ ወደ ፍሳሽ መስመሩ እየገባ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ድምፅ አለ። የንጹሕ ውኃ ቧንቧ፣ በፈረቃ ጠፍቶ የቆየ ውኃ ሲመለስ ያፏጫል፤ ቧንቧው በድንገት ሲዘጋም ይንኳኳል። ይህ ከፍሳሽ ጋር አይገናኝም። ውኃ ሲመለስ አንዱን ቧንቧ በጥቂቱ ከፍቶ አየሩን ማስወጣት፣ ሲዘጉም ቀስ ብሎ መዝጋት በቂ ነው።

ለሩዝ የተመቸ አፈር ለፍሳሽ አይመችም

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ደልዳላ ምድር ነው። ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡት ርብና ጉማራ ደለላቸውን እያነጠፉበት ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። በ1998 ዓ.ም ክረምት ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ነዋሪዎችን ማፈናቀላቸው ይታወሳል። ከባዱ ዋልካ አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ለሩዝ ተመችቷል፤ ፎገራም በሀገሪቱ በሩዝ ስሟ የሚነሣው በዚሁ ነው።

ለሩዙ በረከት የሆነው ይህ ጠባይ ግን ለፍሳሽ ጉድጓድ ፈተና ነው። ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሹን አያጠፋውም። ደረቁ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በመካከል ያለው ውኃ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄድና አፈሩ እንዲጠጣው ይጠበቃል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠግቦ ሲያብጥ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ የሚጠጣው ነገር አይኖርም። የማስረጊያው ጉድጓድ ይሞላል፣ ታንኩ ይሞላል፣ ቀጥሎም ወደ ቤት የሚመጣው ቱቦ ግማሽ ድረስ ውኃ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ከላይ የሚለቀቅ እያንዳንዱ ባልዲ ውኃ በቱቦው የታመቀውን አየር ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መጸዳጃውም ይንቦለቦላል።

ዋልካ ሌላም ጉዳት አለው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ የሚነሣውና የሚወርደው አፈር ጥልቀት ሳይኖረው የተቀበረን ቱቦ ያንቀሳቅሰዋል፤ መገጣጠሚያውን ያላቅቃል፣ ተዳፋቱን ያዛባል። በተላቀቀው መገጣጠሚያ አፈርና ሥር ይገባል። ስለዚህ በሜዳው ላይ ቱቦ ሲቀበር ዋልካው ወጥቶ ከሥርና ከጎን አሸዋ ሊሞላበት ይገባል።

ችግሩ የከርሰ ምድር ውኃ መሆኑን ለማረጋገጥ በአቅራቢያ ያለን የእጅ ጉድጓድ መመልከት ይጠቅማል። የጉድጓዱ ውኃ ከመሬት ወለል 1 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ከታየ፣ በዚያው አካባቢ 3 ሜትር የተቆፈረ ማስረጊያም በከርሰ ምድር ውኃ ተይዟል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ታንኩን ማስመጠጥ ለጥቂት ቀናት እፎይታ ቢሰጥ እንጂ መፍትሔ አይሆንም። በውኃ በራሰ አፈር ውስጥ ባዶ የተደረገ ቀላል ታንክ በውኃው ግፊት ሊነሣና ቱቦውን ሊሰብር ይችላል። ማስመጠጥ ያለበት በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና ነው።

በጣራ ገዳም ግርጌ ነገሩ ይገለበጣል

ከሜዳው ወጥቶ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጣራ ገዳም ተራራ የሚወስደው ምድር ተዳፋት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የተሠራ ቤት የፎገራ ሜዳ ችግር እምብዛም አይነካውም፤ ውኃው መውረጃ ያገኛል። የሚነካው ሌላ ችግር ነው። ቱቦው ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ሲወርድ ፍሳሹ ቱቦውን ሞልቶ በፍጥነት ይሄድና ከኋላው አየር ይስባል። የአየር ቱቦ ከሌለ የሲፎኑን ውኃ ይዞ ይሄዳል። የዚህ ምልክቱ ውኃው ካለቀ በኋላ የሚሰማ ረጅም የመምጠጥ ድምፅ ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ሽታ ይከተላል።

ባጭሩ፣ በሜዳው ላይ አየር ወደ ቤት ይገፋል፤ በተዳፋቱ ላይ አየር ከቤት ይሳባል። ድምፁ ቢመሳሰልም ጥገናው ይለያያል። የጎረቤት ቤት የተጠገነበት ዘዴ ለሁሉም ቤት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ጥገናው ከቀላሉ ይጀምራል

1. ብዙ ጊዜ አገልግሎት ላይ በማይውል ሻወር፣ ሲንክና የወለል ፍሳሽ ማስገቢያ ላይ አንድ አንድ ጆግ ውኃ ማፍሰስ። የሲፎን ውኃ በበጋ ተኖ ይደርቃል። ሽታው ከጠፋ ችግሩ ይኸው ነበር። ጥቂት የምግብ ዘይት ከውኃው በላይ ጠብ ማድረግ ትነቱን ያዘገያል።

2. የሲንኩን ሲፎን ፈትቶ ማጠብ። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ የፕላስቲኩን ማሰሪያ በእጅ መፍታት ይቻላል። ሲገጠም የጎማ ቀለበቱ በቦታው መሆኑን ማየት ያሻል።

3. በጎማ መግፊያ መግፋትና መሳብ። ከዚያ በፊት በዚያው መስመር ላይ ያሉ ሌሎች ቀዳዳዎች በእርጥብ ጨርቅ ሊደፈኑ ይገባል፤ አለበለዚያ ግፊቱ የተደፈነውን ትቶ በሌላው በኩል ይወጣል።

4. ማንሆሉን ከፍቶ ማየት። ቤት ውስጥ ውኃው ቆሞ ማንሆሉ ባዶ ከሆነ፣ የተደፈነው በቤቱና በማንሆሉ መካከል ነው። ማንሆሉም ከሞላ፣ የተደፈነው ከማንሆሉ ወዲያ ነው፤ ወይም ታንኩ ሞልቷል። ይህ አንድ ምልከታ ያለ ቦታው ወለል ከማፍረስ ያድናል።

5. የአየር ቱቦውን መመርመር። አንዳንዱ ቱቦ ከኮርኒሱ ሥር ተቆርጦ ይቀራል፤ አንዳንዱ ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ በክዳን ይታሸጋል፤ በሌላው ላይ ወፍ ጎጆ ይሠራበታል። ቱቦው ከጣራው በላይ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ክፍት ሊሆን፣ ከመስኮት ሊርቅ፣ አፉም ዝንብ በሚከለክል ወንፊት ብቻ ሊሸፈን ይገባል። ወደ ቱቦው የሚገባው ጥቂት የዝናብ ጠብታ ጉዳት የለውም።

6. የቱቦውን ተዳፋት መለካት። ለአግድም ፍሳሽ መስመር በ1 ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ተስማሚ ነው። ግንበኞች ለመሠረት የሚጠቀሙበት ውኃ የተሞላ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ለዚህም ያገለግላል። መካከሉ የሰመጠ ቱቦ ዘወትር ውኃ ቋጥሮ አየር ስለሚዘጋ፣ ቆፍሮ ከማስተካከል ሌላ መፍትሔ የለውም።

7. የጣራውን አሸንዳ ከፍሳሽ መስመሩ መለየት። የዝናብ ውኃን ወደ ሴፕቲክ ታንክ ማስገባት በአንድ ከባድ ዝናብ ታንኩን ያጥለቀልቃል፤ ያልተብላላውን ዝቃጭም ገፍቶ ማስረጊያውን ይደፍናል።

ጎርፍ በሚያሰጋው ቦታ ላለ ቤት፣ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ በዋናው መስመር ላይ ማስገጠም ይረዳል። ቫልቩ ግን በየጊዜው ተከፍቶ ካልጸዳ ራሱ የመደፈን ምክንያት ይሆናል።

በማድ ቤት የሚጀምር መደፈን

ቱቦ የሚደፈነው በአንድ ቀን አይደለም። የጠላ አተላ፣ የቡና አተላ፣ የቡሖ እቃ እጣቢ፣ የሩዝ ትርፍራፊና የወጥ ቅባት በየቀኑ በጥቂቱ ይለጠፋሉ። ቅቤና ዘይት ትኩስ ሆነው ቢወርዱም ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዙ ይረጋሉ፤ የቡና አተላና ሊጥ ይይዙበታል። እቃ በአሸዋ ወይም በአመድ የሚታጠብ ከሆነም ደቃቁ ከእጥፋቱ ሥር ይቀመጣል።

መከላከያው ቀላል ነው። ከሲንኩ አፍ ላይ ወንፊት ማድረግ፣ ቅባቱን ከማጠብ በፊት በወረቀት መጥረግ፣ አተላውን እንደ ቀድሞው ለከብት መስጠት፣ የቡና አተላን ከጓሮ አፈር ጋር መደባለቅ ይቻላል። ጨርቅ፣ የሕፃናት ዳይፐርና የንጽሕና መጠበቂያ በመጸዳጃ በኩል ሊጣሉ አይገባም።

ኬሚካልና የጉድጓድ ጋዝ

ኮስቲክ ሶዳና አሲድ ቱቦ ያጸዳሉ ተብለው ይሸጣሉ። በሞላ ታንክ ወይም በጠፋ አየር ቱቦ ላይ ግን ምንም አይሠሩም። ወደ ታንኩ በብዛት ሲገቡ ዝቃጩን የሚያብላሉ ተሕዋስያንን ይገድላሉ፤ ቆይቶም ቱቦውን የሚፈታው ሠራተኛ እጅና ዓይን ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። በረኪናን ከአሲድ ጋር መደባለቅ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያስወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ከዚህ የከፋው አደጋ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን የበሰበሰ ዕንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የገባ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ሊያነሣው ተከትሎ የሚገባው ሁለተኛ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም ልጅ፣ በዚያው ይቀራል። ሚቴን ደግሞ በእሳት ይፈነዳልና በጉድጓዱ አጠገብ ክብሪት መጫር፣ ሻማ ማብራት ወይም ሲጋራ ማጨስ አይገባም።

ስለዚህ ማንም ሰው፣ አፉን በጨርቅ ቢሸፍንም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ወደ ጉድጓዱ ሊገባ አይገባም። ታንክ የሚጸዳው በመምጠጫ ተሽከርካሪ ከላይ ሆኖ ነው። ሰው ከወደቀ ተከትሎ መግባት ሳይሆን ክዳኑን በሙሉ ከፍቶ ገመድ መወርወርና የሰው ኃይል መጥራት ያስፈልጋል። ክዳኑም ሕፃናት ሊያነሡት የማይችሉ ከባድ ሆኖ ዘወትር ሊዘጋ ይገባል።

ፍሳሹ የት ይደርሳል?

ጉድጓዱ ሲሞላ ቱቦውን ሰብሮ ወደ መንገድ ዳር ቦይ መልቀቅ ድምፁን በአንድ ሌሊት ጸጥ ያደርገዋል። ችግሩ ግን ወደ ጎረቤት ተሻግሯል። በፎገራ ሜዳ ቦዩ ወደ ማሳ ይወስዳል፤ በሩዝ ማሳው ውስጥ ገበሬው በባዶ እግሩ ይሠራል። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማባቸው የእጅ ጉድጓዶችም ከዚሁ ጥልቀት ከሌለው የከርሰ ምድር ውኃ ይቀዳሉ። ከተማው የለቀቀው ፍሳሽ በጀሪካን ውኃ ወይም በገበያ ሽንኩርት ተመልሶ ወደ ከተማው ቤት ሊገባ ይችላል። ከክረምት ጋር ተያይዞ የሚመጣው ተቅማጥ አንዱ መንገዱ ይህ ነው።

በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል። በሜዳው ላይ ሁለተኛው መመዘኛ በክረምት በጥልቅ ጉድጓድ አይሟላም። በእንዲህ ያለ ቦታ ጥልቅ ከመቆፈር ይልቅ ታንኩ ውኃ በማያሳልፍ ግንብ ተሠርቶ፣ ማስረጊያው ከመሬት ከፍ ባለ የአሸዋና የጠጠር ክምር ላይ ቢዘረጋ ይመረጣል። ቦታ ለሌለው ደግሞ የማያሰርግ ማጠራቀሚያ ሠርቶ በየጊዜው ማስመጠጥ ነው።

ቤት ለሚሠራ ሰው

ከመሠረቱ በፊት አፈሩን መፈተን ወጪ የለውም። ማስረጊያው በሚሆንበት ጥልቀት ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ በውኃ ይሞላና ያድራል። በማግሥቱ እንደገና ይሞላና ይለካል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ብቻ ከቀነሰ፣ በዚያ ቦታ የተለመደው ማስረጊያ አይሠራም። ፈተናው በነሐሴ ቢደረግ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል፤ በየካቲት የተሰነጠቀ ዋልካ ብዙ ውኃ የሚጠጣ መስሎ ያታልላል።

ለመጸዳጃ መስመር 110 ሚሊ ሜትር፣ ለሲንክና ለሻወር ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ የተለመደ ነው። የአየር ቱቦው ጣራው ከመመታቱ በፊት ቢታሰብ ወጪው የአንድ ቱቦና የጥቂት መገጣጠሚያ ነው። ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል። ቱቦው በአፈር ሳይሸፈን ሁሉም ሲንክና መጸዳጃ በአንድ ጊዜ ውኃ ተለቆባቸው ድምፁ ይደመጥ፤ የሚያጓራ ካለ ሠራተኛው ከቦታው ሳይሄድ ይስተካከላል።

ቀድሞ የተሠራ ቤት ላለው ደግሞ የዓመቱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በመጋቢት የአየር ቱቦውና ሲፎኖቹ ይታያሉ፤ በሚያዝያና በግንቦት ታንኩ ይመረመራል፣ ዝቃጩ ከጥልቀቱ አንድ ሦስተኛ ከደረሰ ይመጠጣል፤ በሰኔ መጀመሪያ አሸንዳውና የጓሮው ቦይ ከፍሳሹ መለየታቸው ይረጋገጣል። በሐምሌና በነሐሴ የሚቀረው ውኃ መቆጠብ ብቻ ነው። ልብስ በአንድ ቀን ከማጠብ በተለያየ ቀን ማጠብ የሞላውን አፈር ፋታ ይሰጠዋል።